ካቡ ከእኛ በፊት ነበር

ደብረ ብርሃን ያደገ ሰው ካብ ያውቃል። ንፋሱና ብርዱ ሲበረታ በጉን ነድቶ ጥግ የሚይዘው ካብ ሥር ነው። ስለዚህ ከስምንት ዓመት በፊት፣ ስኮትላንድ ውስጥ ኖርዝ በርዊክ በምትባል ትንሽ የባሕር ዳር ከተማ የድሮ የድንጋይ ካብ ሳይ አገሬ የገባሁ ያህል ተሰማኝ። ከጉልበት ትንሽ ከፍ ይላል። የድንጋይ ሽበት ወርሶታል። እጄን ሰድጄ ዳበስኩት።

ግራ የገባኝ የቆመበት ቦታ ነው። የጎልፍ ሜዳ ላይ ነው ያለው፤ ያውም ኳሷ መጨረሻ ላይ ማረፍ ካለባት ለስላሳ ሣር ፊት ለፊት ተዘርግቷል። ባንዲራው ከካቡ ማዶ፣ በካቡና በአሸዋ ጉብታው መካከል በተሰረጎደ ቦታ ተተክሏል። ወደ ባንዲራው ልትሄድ የፈለገች ኳስ ካቡን መዝለል አለባት።

እዚያ የደረስኩት ቦርሳ ተሸክሜ ነው። ኤድንብራ ውስጥ ከምኖርበት ፎቅ ሥር አንድ አዛውንት ይኖራሉ፤ ትከሻቸውን ታመው የጎልፍ ዱላዎቻቸውን መሸከም አቅቷቸው ስለነበር፣ የሥራ ፈረቃዬ በማይኖርበት ቀን አብሬያቸው በባቡር እሄድ ነበር። ከኤድንብራ ኖርዝ በርዊክ ግማሽ ሰዓት ቢሆን ነው። እንግሊዝኛው አንቱታ ስለሌለው ፊት ለፊት ስማቸውን እጠራቸዋለሁ። በአማርኛ ስጽፍ ግን በአባቴ ዕድሜ ያለን ሰው «እሱ» ለማለት እጄ አይታዘዘኝም።

«ለምን አያፈርሱትም?» አልኳቸው።

ከቦርሳው ዱላ እየመረጡ ነበር። ቀና ብለው ካቡን አዩት፣ እኔን አዩኝ። «ካቡ ከእኛ በፊት ነበር» አሉኝ። ከዚያ መቱ። ኳሷ ካቡን በአንድ ክንድ ያህል ዘልላ ከማዶ ጠፋች።

ያን ቀን ይቺ መልስ ብዙም አልገባችኝም። አሁን ግን በስኮትላንድ ዳርቻ ያየኋቸውን ሜዳዎች ሁሉ የማየው በእሷ በኩል ነው።

ጎልፍ ሲባል አብዛኞቻችን ዓይን ላይ የሚመጣው በቴሌቪዥን የምናየው ነው፤ እንደ ምንጣፍ የተነጠፈ ሣር፣ በሰው እጅ የተቆፈረ ኩሬ፣ በሰልፍ የተተከለ ዛፍ። ሊንክስ እንደዚያ አይደለም። ሊንክስ የሚባለው በባሕሩ ዳርቻና በእርሻው መካከል የሚቀረው አሸዋማ፣ ጉብታና ስርጉድ የበዛበት መሬት ነው። ቃሉም ተረተር ከሚል የድሮ ቃል የመጣ ነው። መሬቱ ለእርሻ አይሆንም። አሸዋው ውሃ አይዝም፤ ጨው ያዘለው ንፋስም ሰብል አያሳድግም። ስለዚህ አራሽ ሳይፈልገው የሁሉም ሆኖ ቀረ። በግ ይሰማራበታል፣ ጥንቸል ጉድጓዱን ይምስበታል፣ ልብስ ይሰጣበታል፣ ቀስት ይወረወርበታል። ሣሩን ያሳጠሩት በጉና ጥንቸሉ ናቸው። በጎቹ ንፋሱን ሸሽተው ከጉብታ ሥር እየተጠጋጉ ሲተኙ ሣሩ ይነቀልና አሸዋው ይገለጣል፤ ዛሬ ባንከር የሚባሉት የአሸዋ ጉድጓዶች አጀማመር ይሄ ነው ይላሉ። በጉን ካብ ሥር ይዞ ለተቀመጠ ልጅ ይሄን ማመን አያቅተውም።

ቡልዶዘር ባልነበረበት ዘመን ጉብታ የሚንድ፣ ጉድጓድ የሚደለድል አቅም ያለው አልነበረም። ሰዎቹ ዱላና ኳስ ይዘው መጡ፤ መሬቱን እንዳለ ተቀበሉት። ጉብታው ባንዲራውን ከጋረደው ጉብታውን አሻግረው በጭፍን ይመታሉ። መንገድ ካቋረጠው መንገዱ ላይ ያርፋሉ። ካብ ካለ ካቡን ይዘላሉ። ከሌላ አገር የሚመጣ ሰው «የሚገርም ነገር» የሚላቸው እነዚህ ናቸው። ማንም ለማስገረም ብሎ አልሠራቸውም፤ ቀድሞ የነበረውን ቀድሞ በነበረበት ተዉት እንጂ።

(ለማያውቀው አንባቢ አንድ ነገር ልበል። ጎልፈኞች «ቀዳዳ» ሲሉ ኳሷ የምትገባባትን 108 ሚሊሜትር ስፋት ያላትን ጉድጓድ ብቻ አይደለም፤ ከመነሻው እስከ ባንዲራው ያለውን መንገድ በሙሉ ነው። ሜዳው አብዛኛውን ጊዜ 18 ቀዳዳ አለው። ባንዲራው የቆመበት ለስላሳ ሣር ግሪን ይባላል። ከዚህ በላይ ማወቅ አያስፈልግም። ዓመቶቹን ደግሞ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፋቸው።)

እኔ ራሴ ዱላ ይዤ ያንን ካብ የገጠምኩት ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። ጥቅምት ነበር፤ ንፋሱ ከባሕሩ በኩል ይመጣል። ሁለተኛው ምቴ ጥሩ መስሎኝ ነበር። ኳሷ በሣሩ ላይ እየነጠረች ሄደች፣ ሄደች፣ ከዚያ ቀስ ብላ ካቡ ሥር ቆመች። ሄጄ አየኋት። በኳሷና በድንጋዩ መካከል ያለው ርቀት አንድ ስንዝር አይሞላም። ባንዲራው ከማዶ አሥራ አምስት እርምጃ ያህል ላይ ይወዛወዛል፤ ጨርቁ ሲንኳኳ ይሰማኛል። ካቡ የሜዳው አካል ስለሆነ ኳስን አንስቶ ማራቅ አይፈቀድም። በቀጥታ ብመታ ኳሷ ድንጋዩን መትታ ወደ እኔው ትመለሳለች። የቀረኝ ጀርባዬን ለባንዲራው ሰጥቼ ወደመጣሁበት መመለስ ነበር።

አንድ ሰው ወደ ግቡ ተጠግቶ ሳለ ጀርባውን ሰጥቶ ሲመታ ሰውነቱ እምቢ ይለዋል። ክንዴ ከብዶኝ ቆምኩ። አዛውንቱ ዝም ብለው ይጠብቁኛል። ወደ ኋላ መታሁ፤ ከዚያ እንደገና ወደ ፊት። ስንጨርስ ትንሿን እርሳሳቸውን አውጥተው «ስንት?» አሉኝ። «ሰባት» አልኳቸው። ጻፉት። እሳቸው እዚህችው ቦታ ላይ በ1971 አሥራ አንድ መምታታቸውን ያን ጊዜ ነገሩኝ። የንፋሱን አቅጣጫ ያስታውሳሉ፣ አብሯቸው የነበረውን ሰው ያስታውሳሉ፣ ሰውዬው የለበሰውን ሹራብ ቀለም ያስታውሳሉ። ከሃምሳ ዓመት በፊት የሆነ ነገር ነው። ኤድንብራ ዙሪያ ካሉት ሜዳዎች ብዙዎቹ ላይ ተጫውተዋል፤ ስለ ሌሎቹ ስጠይቃቸው ግን «ጥሩ ሜዳ ነው» ከማለት ያለፈ አይነግሩኝም። ትውስታ የሚንጠለጠልበት ነገር ይፈልጋል። ለእሳቸው ካቡ እንደዚያ ሆኖላቸዋል።

እኛ ሰፈር የገና ጨዋታ የምንጫወትበት ሜዳ መሐል ጠፍጣፋ ቋጥኝ ነበረ። ግማሹ መሬት ውስጥ ተቀብሯል፤ የወጣው ግማሽ በሬ የሚያክል ነው። ሩሯ ቋጥኙን ስትመታ ወዴት እንደምትፈናጠር አይታወቅም። ይሄ የእኛ የትንንሾቹ አስተያየት ነበር። ትልልቆቹ ልጆች ግን ያውቁ ነበር። በየትኛው ጎኑ ብትመታ ወደ ወንዙ፣ በየትኛው ብትመታ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አጥር እንደምትሄድ ለይተው፣ ተከላካዩን በቋጥኙ በኩል ያልፉት ነበር። ቋጥኙን አውጥተን እንጣለው ያለ ሰው አላስታውስም። ሲጋጩበት ጉልበታቸው የደማም፣ ሩሯ ያመለጠቻቸውም ያው «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ብለው ያልፉታል። ይቺን አባባል ስለ ጌታና ሎሌ ብቻ አድርገን ነው የምናስታውሳት። ስኮትላንድ ንፋስ ውስጥ ቆሜ፣ ኳሴ ካብ ሥር ተደብቃ ሳያት፣ ስለ ቋጥኙም እንደሆነች ገባኝ።

ከካቡ ሁለት ቀዳዳ አለፍ ብሎ፣ እዚያው ኖርዝ በርዊክ፣ 15ኛው ሬዳን ይባላል። በዓለም ላይ እንደ እሱ የተቀዳ ቀዳዳ የለም ይባላል። ግሪኑ ወደ መቺው ያጋደለ አይደለም፤ ከፊት ቀኝ ወደ ኋላ ግራ እየሸሸ ይወርዳል። ከፊቱ በግራ በኩል ጥልቅ ባንከር አለ። ባንዲራው ላይ አነጣጥሮ የመታ ያጣዋል። ወደ ቀኝ መትቶ መሬቱ ራሱ ኳሷን ይዟት እንዲወርድ የተወ ግን ያገኘዋል። ይሄን ለማመን ጊዜ ወስዶብኛል፤ የምትፈልገውን ቦታ አለማየት፣ ኳሷን ለተዳፋቱ አደራ መስጠት።

ስሙ ግን ሌላ ታሪክ ይዞብኝ መጣ። ሬዳን በክሪሚያ ጦርነት ጊዜ ሴባስቶፖል ከተማ የነበረ የሩሲያ ምሽግ ነው። እንግሊዞች በ1855 ሁለት ጊዜ ገጥመውት ሁለቴም ተመለሱ። ከዚያ ጦርነት የመጣ መኮንን ይሄን ግሪን አይቶ «ሬዳንን ይመስላል» ብሎ ስም አወጣለት ይላሉ። አዛውንቱ ይሄን ሲነግሩኝ «ሴባስቶፖልን የምታውቀው አይመስለኝም» አሉኝ። እንዴት አላውቀው! ያው 1855 ዳግማዊ ቴዎድሮስ ዘውድ የጫኑበት ዓመት ነው። በኋላ ጋፋት ላይ ያሠሩትን ትልቁን መድፍ ሴባስቶፖል ብለው ሰየሙት፤ ያ መድፍ በሰው ጉልበት እየተጎተተ መቅደላ ወጣ። አምሳያው ዛሬም አዲስ አበባ ቴዎድሮስ አደባባይ ቆሟል። እዚያው ቁጭ ብለን፣ ከኋላ የሚመጡ ተጫዋቾች እያለፉን፣ ይሄን ሁሉ ነገርኳቸው። የአንድ ጦርነት ስም በአንድ በኩል መድፍ፣ በሌላ በኩል የሣር ተዳፋት ሆኖ መቅረቱ ሁለታችንንም ዝም አሰኘን። ከሩቅ ባስ ሮክ ይታያል፤ የባሕር ወፎቹ አለቱን ነጭ አድርገውታል።

ስለ ሴንት አንድሩስ ሳልጽፍ ማለፍ አይቻልም፤ ግን ሁሉም ስለሚጽፍበት እኔ ያየሁትን ብቻ ልንገራችሁ። የሄድኩት እሁድ ነው። በጎልፍ ዓለም ከሁሉም የገነነው ሜዳ እሁድ እሁድ፣ ትልቅ ውድድር ካልተያዘበት በስተቀር፣ ዝግ ነው። ዝግ ስል ለጎልፍ ነው እንጂ ለሰው ክፍት ነው። የከተማው ሰው ውሻውን ይዞ ይመጣል፣ ልጆች ባንከር ውስጥ አሸዋ ይጫወታሉ፣ አሮጊቶች ቴርሞስ ይዘው ሣሩ ላይ ይቀመጣሉ። ይሄ የቸርነት ጉዳይ አይደለም፤ መብት ነው። ሊቀ ጳጳስ ጆን ሃሚልተን በ1552 በፈረሙት ሰነድ ላይ ከተሜው በዚያ መሬት የመጫወት መብቱ ተጽፎለታል፤ እሳቸው ያተረፉት ጥንቸል የማርባት ፈቃድ ነው። መሐል ለመሐሉ ግራኒ ክላርክስ ዋይንድ የሚባል የሕዝብ መንገድ አንደኛውንና 18ኛውን ቀዳዳ አቋርጦ ወደ ባሕሩ ይሄዳል። በውድድር ቀን ሳይቀር ሰው በዚያ ሲያልፍ ተጫዋቹ ዱላውን ይዞ ይጠብቃል።

የዚያን ጊዜ የስድስት ዓመቷ ልጄ አብራኝ ነበረች። 18ኛው ግሪን ፊት ለፊት የኃጢአት ሸለቆ የሚሉት ስርጉድ አለ። ስሙን ሳልነግራት እንደ በርሜል ተንከባልላ ወረደችበት፤ ወጣች፤ ደገመችው። እሷ በተንከባለለችበት በዚያ ስርጉድ ነው በ1995፣ ኦፕን በሚባለው ትልቅ ውድድር ላይ፣ ኮስታንቲኖ ሮካ የተባለው ጣሊያናዊ ኳሱን አበላሽቶ መትቶ ስትመለስበት የታየው። ለማሸነፍ ሳይሆን ከመሸነፍ ለመትረፍ ብቻ 60 ጫማ የሚያህል ርቀት ላይ ማስገባት ነበረበት፤ አስገባት፤ መሬት ላይ ተደፍቶ ሣሩን በእጁ መታ። ቀጥሎ በተደረገው ተጨማሪ ጨዋታ ጆን ዴሊ አሸነፈው። ስለዚያ ዓመት ሰው አንስቶ የማይጠግበው ግን የሸለቆውን ምት ነው።

17ኛው ደግሞ ሮድ ሆል ይባላል። የመጀመሪያው ምት የሚሄደው በሆቴል ቅጥር ውስጥ ባለ ሼድ አናት ላይ ነው። ቦታው የባቡር ግቢ ነበር፤ የድሮዎቹ ሼዶች ከፈረሱ በኋላ፣ ሆቴሉ ሲመጣ፣ የእነሱኑ ቅርጽ መልሰው ሠሩት። ይሄን ስሰማ ገረመኝ፤ የሚጋርደው ነገር ሲጠፋ ሜዳው የጎደለው ያህል ሆኖባቸው መልሰው አቆሙት። ግሪኑ ቀጭንና ከፍ ያለ ነው። ከፊቱ ጥልቅ ባንከር፣ ከጀርባው አስፋልት፣ ከአስፋልቱ ጀርባ የድንጋይ አጥር። መንገዱም አጥሩም የጨዋታው አካል ናቸው። በ1978 ጃፓናዊው ናካጂማ በሁለት ምት ግሪኑ ላይ ወጥቶ፣ ሦስተኛውን ሲገፋ ኳሷ ተንሸራትታ ባንከሩ ውስጥ ገባችበት። አራቴ ታግሎ አወጣት፤ በዘጠኝ ጨረሰ። በ2010 ደግሞ ስፔናዊው ሂሜኔዝ ኳሱ አጥሩ ጋ ተጣብቃ ቆመችበት። ጀርባውን ለባንዲራው ሰጠ፣ ኳሷን ከድንጋዩ ጋር አላተማት፣ ተፈናጥራ በአናቱ ላይ አልፋ ግሪኑ ላይ ወረደች። ይሄን ቪዲዮ ስንት ጊዜ እንዳየሁት አልቆጠርኩም። እሱ ያደረገው የእኛ ሰፈር ትልልቅ ልጆች ያደርጉት የነበረውን ነው። ድንጋዩን ጠላት ብሎ አልተወውም፤ አጋር አደረገው።

«ፍትሐዊ አይደለም» የሚሉ አሉ፣ ሐቅም አላቸው። ጥሩ የመታ ሰው ጥሩ ነገር ማግኘት አለበት፤ መጥፎ የመታ መቀጣት አለበት፤ የሚመታበትን ማየት አለበት። ገንዘብና ስም ያለበት ውድድር ላይ ይሄን ማለት ነውር አይደለም። ባንዲራውን ሳያይ የሚመታ ተጫዋች ዕድል ላይ ነው የተንጠለጠለው ይሉሃል። አዛውንቱ ለዚህ የሚሰጡት መልስ ጎልፈኞች ሲባባሉት የኖሩት ነው፤ ጭፍን ምት ጭፍን የሚሆነው ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻ ነው። ሁለተኛ ስትመጣ ከጉብታው ማዶ ምን እንዳለ ታውቃለህ።

እኔ ግን ከዚህም ሌላ የምጨምረው አለኝ። ሁሉ ነገር ፊት ለፊት የሚታይበት ሜዳ ላይ ሰው አያስፈልግህም። ርቀቱን የሚነግርህ መሣሪያ ኪስህ ውስጥ አለ። ጭፍኑ ጉብታ ላይ ስትደርስ ግን ትጠይቃለህ። «ከየት በኩል ልምታ?» ትላለህ። የሚያውቀው ሰው ከኋላህ ይቆምና በጣቱ ያሳይሃል፤ «ያቺን የቤት ጭስ ማውጫ ታያታለህ? ከእሷ ትንሽ ግራ።» ከአገሬ ወጥቼ በኖርኩባቸው ዓመታት መንገድ ሳልጠይቅ የምውልባቸው ቀናት በዝተዋል። ስልኬ ያሳየኛል፣ ማሽኑ ይሸጥልኛል፣ በሩ በካርድ ይከፈታል። በሊንክስ ሜዳ ላይ ግን ከማላውቃቸው ሰዎች ጋር በግድ እነጋገራለሁ። መሬቱ ያስገድደኛል። ለዚህ ነው ጉብታው እንዳይነካብኝ የምፈልገው።

ብዙ ቦታ አልዞርኩም። ኢሊ በምትባል መንደር ግን የመጀመሪያው ቀዳዳ መነሻ ፊት ጉብታ ስላለ፣ ከፊት ያሉት ተጫዋቾች ማለፋቸውን ለማየት ከባሕር ሰርጓጅ መርከብ የተነቀለ ፔሪስኮፕ ተክለዋል። ዓይኔን አስጠግቼ አይቼበታለሁ፤ ሁለት ሰዎች ቦርሳቸውን ሲጎትቱ በትንሽ ክብ ውስጥ ታዩኝ። በሰሜን ብሮራ ደግሞ በግና ላም ሜዳው ላይ ለብዙ ዘመን ሲሰማሩ ኖረዋል፤ ግሪኖቹን ሲጠብቃቸው የኖረው ዙሪያቸውን የተወጠረ የኤሌክትሪክ ሽቦ ነው።

አየርላንድ ያለውን ላሂንችን በዓይኔ አላየሁትም፤ አዛውንቱ ግን እየደጋገሙ ስለነገሩኝ ያየሁት ያህል ሆኖብኛል። ዴል የሚባለው ቀዳዳ ግሪኑ በሁለት የአሸዋ ኮረብታዎች መካከል ተደብቋል። ከመነሻው የሚታየው ኮረብታ ብቻ ነው። ኮረብታው ላይ ነጭ ቀለም የተቀባ ድንጋይ ያስቀምጣሉ፤ የዕለቱን የባንዲራ አቅጣጫ የምታሳይህ ያቺ ድንጋይ ናት። ከዚያ በፊት ባለው በክሎንዳይክ ደግሞ መንገዱ መሐል የአሸዋ ተራራ ስላለ፣ አናቱ ላይ ባንዲራ የያዘ ሰው ይቆማል። እሱ ምልክት ካልሰጠ አትመታም። በ1920ዎቹ ታዋቂው ነዳፊ አሊስተር ማኬንዚ ሜዳውን እንዲያድስ ሲጠራ ብዙ ነገር ለወጠ፤ እነዚህን ሁለቱን ግን የአገሩ ሰዎች አስጠበቋቸው። አዛውንቱ ይሄን ሲተርኩ «የአገሩ ሰዎች» የሚለው ላይ ድምፃቸው ይሞቃል።

አሁን አሁን እንዲህ ያለው ነገር ፋሽን ሆኗል። አዲስ ሜዳ የሚሠሩ ሰዎች ካብ ያስገነባሉ፣ ጉብታ በመኪና ያስቆልላሉ። አሜሪካዊው ነዳፊ ፒት ዳይ በ1960ዎቹ ስኮትላንድን ዞሮ ሲመለስ፣ አሸዋው እንዳይናድ በባቡር ሐዲድ አግዳሚ እንጨት የተደገፉ ባንከሮችን አይቶ ሄዶ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ያ እንጨት በየአገሩ ጌጥ ሆነ። ዳይ ትልቅ ሰው ነው፤ ሥራውን ላናንቅ። ሬዳንንም የቀዱት መሬቱ ለምን እንደዚያ እንደሚሠራ ተረድተው ነው። ግን የስኮትላንዱ እንጨት እዚያ የተገኘው ባቡሩ በአጥሩ ሥር ስለሚያልፍና አሮጌ እንጨት በቅርብ ስለነበረ ነው። አሸዋው ይናዳል፣ እንጨቱ አለ፣ ደገፉት። የእናቴ ጓዳ በር በአሮጌ የመኪና ጎማ ቁራጭ ነበር ማጠፊያ የተሠራለት። ያንን አይቶ ሳሎኑ ላይ ጎማ የሚያንጠለጥል ሰው ቢመጣ እናቴ ምን ትለው ነበር እያልኩ አስባለሁ።

እንጨቶቹ ያሉት ፕሬስትዊክ ነው። በምዕራቡ ዳርቻ፣ ከግላስጎ በባቡር ይኬዳል፤ ጣቢያው ከሜዳው መነሻ ጎን ነው። የመጀመሪያው ኦፕን ሻምፒዮና የተካሄደው እዚህ ነው፣ በ1860። ስምንት ተጫዋቾች፣ ያኔ 12 ቀዳዳ የነበረውን ሜዳ በአንድ ቀን ሦስት ጊዜ ዞሩት፤ ዊሊ ፓርክ በ174 ምት አሸነፈ፤ ሽልማቱ ቀይ የቆዳ ቀበቶ ነበር። ውድድሩ እዚህ 24 ጊዜ ተካሂዶ በ1925 ቆመ። ያን ዓመት የመጣውን ሕዝብ ቦታው አልቻለውም። የሚያሳዝን ሊመስል ይችላል። እኔ ግን ሜዳውን ያተረፈው ይሄ ይመስለኛል። ትልልቅ ውድድሮች በሚካሄዱባቸው ቦታዎች ጉብታ ይነሣል፣ መንገድ ይዞራል፣ መቀመጫ ይሠራል። ፕሬስትዊክን የሚያስተካክለው ሰው ሳይመጣበት ቀረ።

እዚያ 17ኛው ቀዳዳ አልፕስ ይባላል። ከ1860 በፊትም ነበር። ሁለተኛውን ምት ስትመታ ከፊትህ ያለው ትልቅ የአሸዋ ኮረብታ ነው፤ ከማዶው ሳሃራ የሚባል ሰፊ ባንከር አለ፤ ከእሱ በኋላ ግሪኑ። ከዚህ በኩል ሆነህ ከእነዚህ አንዱም አይታይህም። አንተ ማዶ ሆነህ ስትጫወትም ከኋላህ ያሉት አያዩህም። ስለዚህ ግሪኑ ጋ ደወል ተሰቅሏል። ጨርሰህ ስትወጣ ትደውላለህ።

አዛውንቱ ካለፈው ዓመት ወዲህ ኤድንብራን አይለቁም። ጉልበታቸው አሻፈረኝ ብሏል። ባለፈው ሰኔ የፕሬስትዊክ አባል የሆነ ወዳጃቸው ሲጋብዘኝ፣ ከመሄዴ በፊት በራቸውን አንኳኩቼ «ከየት በኩል ልምታ?» አልኳቸው። ጠረጴዛው ላይ የነበረውን ፖስታ ገለበጡና በእርሳሳቸው ኮረብታውን ሣሉልኝ፤ አናቱ ላይ ነጥብ አደረጉ፤ ከነጥቡ ቀኝ መስመር አወጡ። እጃቸው ይንቀጠቀጣል፣ መስመሩ ግን ቀጥ ያለ ነው።

ፖስታውን በደረት ኪሴ ይዤ ሄድኩ። አልፕስ ሥር ስቆም አውጥቼ አየሁት፣ መልሼ ከተትኩት፣ መታሁ። ኳሷ ኮረብታውን አልፋ ጠፋች። ሮጥ ብዬ ወጣሁ። ከአናቱ ስመለከት ሳሃራን ተሻግራ ግሪኑ ጠርዝ ላይ ተቀምጣለች።

ከጋባዤ ጋር ጨረስን። እሱ ወደ 18ኛው መነሻ ቀደመኝ። እኔ ደወሉ ጋ ቀረሁ። ገመዱ በባሕር እርጥበት ጠንክሯል፤ ሳብኩት። ድምፁ ከጠበቅሁት በላይ ይርቃል። ከኮረብታው ማዶ ማን እንዳለ አላውቅም፤ ድምፅም አይሰማኝም፤ ንፋሱ ብቻ ነው። ትንሽ ራቅ ብዬ ቆሜ ጠበቅሁ። ከቆይታ በኋላ አንዲት ነጭ ኳስ ከኮረብታው በላይ ሰማዩ ላይ ታየች።